ከምንጣፉ ሥር፦ የአሮጌ ቮልስ የባትላሜራ ሥራ

ለአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፤

ስለ ባትላሜራ ሙያ በጠቅላላው ከማወራ ስለ አንዲት መኪና ብናገር ይሻላል ብዬ መጥቻለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን፣ በእኛ አፍ ቮልስ ናት። ባለቤቷ ከአባታቸው የወረሷት ሲሆን ወደ ጋራዣችን ያመጧት ለቀለም ብቻ ነበር። «ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ አካሏም ምንም አልሆነም። እዚህም እዚያም ስቱኮ ነካ ነካ አድርጋችሁ ቀለሟን አድሱልኝ» አሉኝ። ቁልፉን ካስረከቡኝ በኋላ ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው፣ «የሾፌሩን በር ሲዘጉ ትንሽ ወደ ላይ ደገፍ ያድርጉት፤ የቆየ አመሏ ነው» ሲሉ ጨመሩልኝ።

ይህችን ቃል ከሰማሁ በኋላ ስለ ቀለም ማሰብ ተውሁ። አንድ በር ካልደገፉኝ አልዘጋም ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል፣ ወይ ማጠፊያው የተያዘበት ምሰሶ ከቦታው ወርዷል። በሩን ከፍቼ ጫፉን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ብነቀንቀው ማጠፊያው ላይ ልልነት አልተሰማኝም። እንግዲያው የወረደው ምሰሶው ነበር፤ ምሰሶ የሚወርደው ደግሞ የቆመበት ሲበሰብስ ነው። የቆመበት ነገር ከምንጣፉ ሥር ስለሆነ የዛሬው ንግግሬ አብዛኛው እዚያው ይቆያል፤ በእኔ እምነት የአሮጌ መኪና የውጭ መልክ የሚበላሸውም የሚስተካከለውም ማንም በማያየው የውስጥ ብረት ነውና።

ቮልስ በገፍ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲሆን የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ደርሶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መስኮቷ ሰፍቷል፣ የሞተሯ ጉልበት ጨምሯል፣ መብራቷ ተለውጧል፤ የአጥንቷ አሠራር ግን በመሠረቱ ያው ነው። ከታች በመካከሉ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ፣ እንደ አከርካሪ የሚያገለግል ዝግ ቦይ ያለው ሻንሲ አለ፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደዋል፤ ከላይ ደግሞ ሙሉው አካል ለብቻው ተሠርቶ፣ በመካከሉ የጎማ ጥብጣብ ተነጥፎ፣ ከሃያ በላይ በሆኑ ብሎኖች ይታሰራል። አካሉ በወለሉ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው በሁለቱ በሮች ሥር በሚያልፉት ባዶ የብረት ቦዮች በኩል ነው። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የለውም፤ ተሳፋሪውን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ነው፤ ያ አየር ከኋላ ወደ ፊት የሚጓዘው በእነዚሁ የጎን ቦዮች ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎን ቦዩ በአንድ ጊዜ የአካሉ መሠረትም የሙቀት መተላለፊያም ነው። ብልህ አሠራር ነው፤ ለዝገት ግን እጅግ የተመቸ ነው።

ቮልስ ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ የተወሰዱበት ታሪክ ይሆናል። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት የፊተኛው ወንበር መታጠፍ እንደነበረበት አስባለሁ፤ ቮልስ በሯ ሁለት ብቻ ነውና። ሁለት በር ብቻ ያለው አካል በሮቹ ረጃጅም ስለሆኑ በጎኑ ሰፊ ክፍት ቦታ አለው፤ በዚያ ክፍት ቦታ የፊቱንና የኋላውን ምሰሶ ከታች አያይዞ የሚይዛቸው የጎን ቦዩ ብቻ ነው። እሱ ሲበሰብስ አካሉ መካከሉ ላይ ይጎብጣል፤ ባለቤቱ ግን የሚያየው በሩ አመል እንዳወጣ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ለላሜራ ደግ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ ባሕርም ሩቅ ነው። ነገር ግን ከፍታው የሚያመጣው ብርቱ ፀሐይ የመስኮት ጎማዎችን ያደርቃቸዋል፣ ይሰነጣጥቃቸዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው በተሰነጠቀው ጎማ ሾልኮ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ምንጣፉ ከላይ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ድሪቶ ግን እስከ ጥቅምት ድረስ እርጥብ ነው። በዚህ ላይ የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፤ ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ያንን የወለል ጥግ ከማንኛውም ቦታ አስቀድሞ ይበላዋል። አሮጌ ቮልስ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት የኋላውን ወንበር አንሡ።

ወደ መኪናችን ልመለስ። ምንጣፉን ስናነሣ ወለሉ ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ ታየ፤ ካትራሜ ተቀብቷል። ካትራሜውን በመፋቂያ ስናነሣ ከሥሩ የቤት ክዳን ቆርቆሮ በሪቬት ተመትቶ አገኘን፤ ከቆርቆሮው ሥር ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር የጋራዡ ሲሚንቶ። የግራውን የጎን ቦይ በካቻቪቴ ጫፍ ብነካው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ይህን ስናገር የቀደሙትን ባለሙያዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ መለዋወጫ በሌለበት ዘመን መኪናዋ መንገድ ላይ እንድትቆይ ያደረጓት እነሱ ናቸው። ስሕተቱ የተለጠፈው ነገር ጭነት መሸከም የማይችል መሆኑ ላይ ነው። የክዳን ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በዚያ ላይ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ ብረት ግን የሚቀልጠው ወደ 1500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ ቆርቆሮውን ለመበየድ ስትሞክሩ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሣል። ብየዳውን አረፋ ያደርገዋል፤ ጭሱን የሳበውን ሰው ደግሞ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት ወባ ይዞኛል ብዬ ያደርሁት በዚሁ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የበሰበሰ የጎን ቦይ ከመቆረጡ በፊት አካሉ መወጠር አለበት። ይህን የምላችሁ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሙያውን በጀመርሁባቸው ዓመታት የአንዲት ቮልስ ሁለቱንም ቦዮች፣ ሥራው ይፈጥናል ብዬ፣ ያለ ምንም ድጋፍ በአንድ ቀን በግራይንደር ቆርጬ አወጣሁ። በማግስቱ አካሉ በራሱ ክብደት ተከፍቶ ነበር፤ በሮቹ ከቀዳዳቸው ጋር በፍጹም አልገጥም አሉ፤ ያን ጊዜ የቆጠብሁትን አንድ ቀን ለመክፈል ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በሩ እንደተገጠመ አካሉን በክሪክ በጥቂት በጥቂቱ እያነሣሁ የበሩን ዙሪያ ክፍተት አስተካክላለሁ። ክፍተቱ ከላይም ከኋላም እኩል ሲሆንልኝ በሩን አወጣና ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ድረስ ቱቦላሬ እበይዳለሁ፤ ሌላ ቱቦላሬ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶ አግድም እወጥራለሁ። ሰያፍ ልኬቶቹን በሜትር ወስጄ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እጽፋቸዋለሁ፤ ወረቀት ይጠፋል። የምሰሶውን ቀጥታነት በቱንቢ፣ የሻንሲውን አቀማመጥ በውሃ ልክ አያለሁ። ግንበኛ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ የምንሠራውም ከቤት ሥራ ብዙ አይለይም። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ አልከፍትም፤ ግራው ተሠርቶ ሳይበየድ ቀኙ አይነካም።

አዲሱን ቦይ ለመሥራት አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይበቃል። ከአሮጌው ቦይ የተረፈውን ደህና ክፍል ይዛችሁ ቅርጹን በካርቶን ላይ ታወጣላችሁ፤ ካርቶኑን እዚያው መኪናው ላይ እያጠፋችሁ ትሞክሩታላችሁ፤ ካርቶን ሲበላሽ የሚያስከፍለው ምንም የለም። ማጠፊያ ማሽን የሌለው ጋራዥ ሁለት ረጃጅም አንግል ብረቶችን ሞርሳ ላይ አጣብቆ ላሜራውን በመካከላቸው ማሠር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የእንጨት መዶሻ ነው፤ የብረት መዶሻ ላሜራውን እያሳሳ ስለሚያስረዝመው ጠርዙ እንደ ነጠላ ጥለት ይጨማደዳል። አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሳችሁ ጥቂት ዲግሪ በጥቂት ዲግሪ አውርዱት። አካሉን ከወለሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች የሚገቡባቸው ዳዶዎች ቦዩ ከመዘጋቱ በፊት በውስጡ በወፍራም ብረት ላይ መበየድ አለባቸው፤ ከተዘጋ በኋላ እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። ፋብሪካው ያያያዘው በነጥብ ብየዳ ነው፤ እኛ የላይኛውን ላሜራ በትራፓኖ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር እያራራቅን በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ በሳስተን፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ በመሙላት እንተካዋለን።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። በሌላ መኪና ዝግ ቦይ ውስጥ ዝገት እንዳይገባ ዘይት ወይም ሰም መርጨት የተለመደና ጥሩ ሥራ ነው። በቮልስ የጎን ቦይ ውስጥ ግን አይደረግም፤ በዚያ የሚያልፈው የሞቀ አየር በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ስለሚሄድ ሰሙ እየሞቀ መኪናውን በመጥፎ ጠረን ይሞላዋል። ስለዚህ የላሜራውን የውስጥ ፊት ከመዘጋቱ በፊት በደንብ የሚደርቅ አንቲረስት ቀብተን እናደርቃለን። በዚያውም ከሞተሩ በኩል ያሉት፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ አየሩ የሚሞቅባቸው የሙቀት ሣጥኖች እንዳልተቀደዱ ታያላችሁ። እነሱ ከተቀደዱ በዚሁ መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባው የጭስ ማውጫው ጋዝ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። ብዙ የአዲስ አበባ ቮልሶች ማሞቂያቸው ተነቅሎ ቦዩ ከኋላ ክፍት ሆኖ ነው የማገኛቸው። ማሞቂያውን መልሳችሁ የማትገጥሙ ከሆነ አፉን ድፈኑት፤ ያለበለዚያ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ቤቱ ያደርገዋል።

ወደ ወለሉ ስንመጣ ለጀማሪ ቀላል የሚመስለው ነገር ያስቸግራል። ጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ መበየድ ይቻላል፤ ነገር ግን የፋብሪካው ወለል ጠፍጣፋ አይደለም። በላዩ የተረገጡት ጎድጓዳ መስመሮች ለውበት የተደረጉ አይደሉም፤ ቀጭኑን ላሜራ የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ወለሉ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ሲረግጡትም ጎበጥ ቀና ይላል። መስመሮቹን ለማውጣት ከጠንካራ እንጨት ላይ ቦይ ፈልፍለን፣ ላሜራውን አንጥፈን፣ በላዩ ክብ ፌሮ አጋድመን፣ ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ በዝግታ እናወርደዋለን። ሰፋ ያለ ጉድጓድ ለሚፈልጉ ቦታዎች የማይሰነጠቅ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ጠርበን አናቱን እንደ ወጭት አጎድጉደን እንጠቀማለን። በውድ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ሲያዩት ይሥቃሉ፤ ውጤቱን ሲያዩ ግን የሚሥቅ አላየሁም።

ላሜራውን ከየት እናገኛለን ለሚለው፣ አዲስ ላሜራ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ምናለሽ ተራ አለ። የባለ 200 ሊትር በርሜል ላሜራ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ0.9 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ነገር ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ሳታውቁ ግራይንደርም ሆነ እሳት አታስጠጉት። ነዳጅ ከነበረበት ሙሉ በርሜል ይልቅ ባዶው ያስፈራል፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ቀድማችሁ ተቆርጦና ተዘርግቶ የሚሸጠውን ግዙ።

የወንበሮቹ ሐዲዶች የሚበየዱት ወለሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ልካቸው የሚወሰደው ከሜትር ሳይሆን ከራሱ ከወንበሩ ነው። ወንበሩን ሐዲዱ ላይ አስገብታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይዝ መንሸራተቱን ካያችሁ በኋላ ነው የምትበይዱት። ፍሬን ሲያዝ ሾፌሩን የሚይዘው ይህ ብየዳ ነውና እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ከውስጡ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የደከምሁበት ክሩስኮቱ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የቮልስ ክሩስኮት ፕላስቲክ ያልለበሰ፣ የመኪናውን ቀለም የተቀባ ራቁት ላሜራ ነው፤ ጥፋት ቢኖርበት ከሾፌሩ ዓይን ሥር ነው። በዚህች መኪና ላይ ሬዲዮ ለሚገባባት ጠባብ ቦታ ካሴት ማጫወቻ ለመግጠም የፈለገ ሰው ቀዳዳውን በመሮ አስፍቶታል፤ ዙሪያው ተጎርዶ፣ ላሜራውም ወደ ውስጥ ተጎትቶ ነበር። ደግነቱ የቮልስ የፊት ክፍል ሞተር ስለሌለው የክሩስኮቱ ጀርባ የሚገኘው ከፊት በዕቃ መጫኛው በኩል ነው። ይሁንና በዚያው ቦታ የነዳጅ ጋኑ አለ። ጋኑ 4 ብሎኖቹ ተፈትተው ከጋራዡ ውጭ እስኪወጣ፣ የነዳጅ መሥመሩም እስኪደፈን ድረስ ማንም ሰው የብየዳ እጀታ እንዳይነካ አዝዤ ነበር።

ከሌላ ጤነኛ ቮልስ ክሩስኮት ላይ ወረቀት ለጥፈን በእርሳስ እያሸን የቀዳዳውን ልክና ኩርባውን ወሰድን። የተጎረደውን ክፍል ቀጥ ባለ መሥመር ቆርጠን አወጣን። በልኩ የተቆረጠው አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው ጋር ሳይደራረብ፣ ጠርዝ ለጠርዝ እንዲገጥም በሞረድ ተሞረደ፤ በመካከሉ የቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር። መደራረብ ይቀላል፤ ነገር ግን ወፈር ያለው መሥመር በቀለሙ ውስጥ ሳይቀር ይታያል፣ በሁለቱ ላሜራዎች መካከልም እርጥበት ይገባል። ብየዳው በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በነጥብ በነጥብ ብቻ ነው የተሠራው፤ አንዱ ነጥብ ከተመታ በኋላ ቀጣዩ ከእሱ ርቆ ይመታል፤ የመጀመሪያው በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስም ወደ አጠገቡ አንመለስም። ምክንያቱ ሙቀት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ መርዘም ይፈልጋል፤ ዙሪያው ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚይዘው መሄጃ ያጣና ይጎብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና ዙሪያውን ይጎትታል። እያንዳንዱን ነጥብ ከኋላ የብረት ድጋፍ ይዘን ከፊት በትንሽ መዶሻ ስንመታው የተኮማተረው መልሶ ይለጠጣል። ያ አንድ መዳፍ የሚያህል ልጥፍ ሁለት ቀን ወሰደ። ስቱኮ ግን አላስነካሁትም፤ ክሩስኮት ከመስታወት ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚጋል ቦታ ነውና ውሎ አድሮ መሥመሩ መታየቱ አይቀርም።

ስለ ውጩ አካል ብዙ አልናገርም፤ ውስጡ ልክ ከሆነ ውጩ ግማሽ መንገድ ተሂዶለታል። አራቱ ፓራፋንጎዎች የሚፈቱት በ13 ቁጥር ቁልፍ ነው፤ በእነሱና በአካሉ መካከል የጎማ ጥብጣብ አለ። አንዳንድ ሰው መሥመሩን ለማጥፋት ሲል ፓራፋንጎውን ከአካሉ ጋር በይዶ በስቱኮ ያለሰልሰዋል፤ ይህ በእኔ ግምት በቮልስ ላይ ከሚሠሩ በደሎች ሁሉ የከፋው ነው። የሚቀጥለው ግጭት ፓራፋንጎውን ብቻ መጉዳት ሲገባው አካሉን ይዞ ይሄዳል። የተጎዳ ላሜራ ከተለጠጠና እንደ ጣሳ ክዳን ገባ ወጣ የሚል ከሆነ ቅርጹን የሚመልሰው ስቱኮ ሳይሆን እሳት ነው፦ የሳንቲም ያህል ቦታ እስኪቀላ አግላችሁ፣ ደግፋችሁ ትመቱና በእርጥብ ጨርቅ ታቀዘቅዙታላችሁ፤ ይኮማተራል። ስቱኮ የእኔ ጠላት አይደለም፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስቱኮ በንጹሕ ብረት ላይ ለዓመታት ይቆያል። ማግኔት የማይዝበት ስቱኮ ሲሆን ግን የምትቀቡት መኪና ሳይሆን ሐውልት ነው።

ቱቦላሬዎቹ የተቆረጡት ሁለቱም ቦዮችና ወለሉ ተበይደው፣ ብሎኖቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ከጻፍነው ሰያፍ ልኬት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አልሞላም።

ባለቤቷ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ቀለሟን ዞረው አዩ፣ ክሩስኮቱን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ፣ ምንጣፉን ገልጠው ግን አላዩም። ገብተው ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው በሩን ከፍ አድርገው ሳቡት፤ በሩ መቆለፊያውን ከላይ ገጭቶ ተመለሰ። ደግመው ከፍ አድርገው ሞከሩ፤ አሁንም ተመለሰ። ደንግጠው «ምነው፣ አልሠራችሁትም እንዴ?» ብለው ቀና ብለው አዩኝ። «አይደግፉት ጋሼ፣ እንዲሁ ይልቀቁት» አልኋቸው። ለቀቁት፤ በሩም በራሱ ክብደት ሄዶ ቀጭ አለ።